ከእንጨት ሥራ የትኛውን ዘርፍ ልያዝ? ለጀማሪ የአመራረጥ መመሪያ

«አናጢነት ልማር» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ የያዘው አንድ ዕቃ አለ፤ ያማረ ቁም ሣጥን፣ የተቀረጸ በር ወይም ከወፍራም ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ። ያ ዕቃ ግን ለምርጫ መጥፎ መነሻ ነው። ተመልካች የሚያየው ያለቀውን ሲሆን ሙያተኛው ቀኑን የሚገፋው ከማለቁ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው፦ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያሽ፣ ሲሸከም፣ ደንበኛ ሲጠብቅ። መመረጥ ያለበት ውሎው ነው፤ ዕቃው በኋላ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ዘርፎቹን በውሎአቸው ለይቶ ያሳያል። ቀጥሎ ብዙ ገንዘብና ዓመታት ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን የምትፈትኑባቸውን ሙከራዎች፣ የመማሪያ ቦታ አመራረጥን፣ የመሣሪያ ግዢንና የዋጋ ስሌትን ያነሳል።

1. ዘርፎቹን በሚታለፈው ስህተት መጠን ለዩ

እንጨት የሚነካ ሁሉ አንድ ሙያ አይደለም። ዎርልድስኪልስ የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ውድድር እንኳ የካቢኔትና የቤት ዕቃ ሥራን፣ የበር፣ የመስኮትና የመሰል መገጣጠሚያዎችን ሥራ፣ እንዲሁም የግንባታ አናጢነትን ለየብቻ ነው የሚያወዳድረው። ልዩነቱ ቶሎ እንዲገባችሁ ስለ እያንዳንዱ ዘርፍ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ስንት ሚሊ ሜትር ስህተት ይታለፋል? ካልታለፈስ ምን ይከተላል?

የግንባታ አናጢ ካሳፎርማ፣ ማለትም ኮንክሪት የሚሞላበትን የሳንቃ ቅርጽ፣ ያቆማል፤ ጣሪያ ያዋቅራል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ልስን ወይም ኮርኒስ ይሸፍንለታል። የማይታለፈው የጥንካሬ ስህተት ነው። እርጥብ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ቢሞላ ከሥር ባለው ካሳፎርማ ላይ በካሬ ሜትር ከ7 ቶን በላይ ግፊት ያርፋል። አንድ ድጋፍ ሲጎድል ሳንቃው ያብጣል፣ ከከፋም ይፈነዳል፤ ኮንክሪቱም እንደ ውኃ ይፈሳል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከፍታ ላይ፣ በቡድን የሚሠራ ነው። ክፍያው በቀን ወይም በካሬ ሜትር ስለሚታሰብ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል፤ ግንባታው ሲቆም ግን ገቢውም አብሮ ይቆማል።

በርና መስኮት እንዲሁም ደረጃ የሚሠራው መካከል ላይ ነው። በሩ ከፍሬሙ ጋር የሚኖረው ክፍተት ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲጠብ በእርጥብ ወቅት አልዘጋ ይላል፣ ሲሰፋ ነፋስና ብርሃን ያስገባል። ደረጃ ላይ ሒሳቡ ይጠነክራል። የሁለት ከፍታና የአንድ መርገጫ ድምር ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲወድቅ እግር ሳይቸገር ይወጣል። ለምሳሌ ከወለል እስከ ወለል 2.80 ሜትር ቢሆን ለ16 ሲካፈል እያንዳንዱ ከፍታ 17.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ 63ን ድምር አድርገን ከያዝን መርገጫው 28 ይሆናል። ጀማሪ እዚህ የሚሳሳተው የመጨረሻውን የወለል ንጣፍ ውፍረት ሳይደምር ሲለካ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ በ2 ሳንቲ ሜትር ይለያል፤ ሰውም ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ይደናቀፋል።

ከድፍን ጣውላ የቤት ዕቃ መሥራት የግማሽ ሚሊ ሜትር ሥራ ነው፤ ከዚህ ሰፋ ያለ ክፍተት ማጋጠሚያው ላይ በዓይን ይታያል። ዋናው ዕውቀት ግን እንጨት እንደሚንቀሳቀስ መቀበል ነው። ጣውላ እርጥበት ሲወስድ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ፊት እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለወጥ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ይህን ያልተማረ ሰው ፊቱን ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር በብሎን ጠርቆ ያስረውና ወራት ቆይቶ መሃሉ ሲሰነጠቅ እንጨቱን ይወቅሳል። የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ መብሳት ይበቃ ነበር።

የካቢኔት ሥራ፣ ማለትም የኩሽናና የልብስ ቁም ሣጥን በኤምዲኤፍ፣ በቺፑድ ወይም በኮምፔንሳቶ (በፋብሪካ ተጣብቀው በሚወጡ ሰሌዳዎች) መሥራት፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ባሕርይ አለው። ሰሌዳው ያን ያህል አይንቀሳቀስምና ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ስሌት ይዞራል። በብዙ አገር የሚሠራበት ሥርዓት የመደርደሪያ ቀዳዳዎችን በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት ይደረድራል፤ የቀዳዳው ስፋት 5፣ የማጠፊያው ክብ ጉድጓድ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ለቁጥር ፍቅር ያለው፣ ንድፍ በኮምፒውተር ማውጣት የሚወድ ሰው እዚህ ይፈጥናል። እጁ እንጨት ካልዳሰሰ የማይረካ ሰው ግን በዓመቱ ይሰለቸዋል። ሸክሙንም አትናቁት፦ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ቀለም ቅብና ማሳመር፣ ሲለር፣ ቫርኒሽ፣ ላከር ሁሉ ያሉበት ዘርፍ፣ በሚሊ ሜትር አይለካም። ዳኛው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። የቤት ዕቃ ሠሪዎች የማይወዱት፣ ደንበኛው ግን መጀመሪያ በእጁ የሚዳስሰው ሥራ ይኸው ነው። ለዚህም ነው ጎበዝ ቀቢ ሥራ የማያጣው። ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገር ሰው ቀለም ማመሳሰል ላይ ስለሚፈተን ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ቢታይ ይሻላል።

ሌሎቹ ዘርፎች ጠበብ ያሉ መግቢያዎች ናቸው። ቶርኖ (እንጨትን በማሽን እያሽከረከሩ ክብ ቅርጽ ማውጣት) እና ቅርጻ ቅርጽ ብቻቸውን እንጀራ የሚሆኑት ለጥቂቶች ስለሆነ ከቤት ዕቃ ሥራ ጋር ተደርበው ይያዙ። የእንጨት ወለል ንጣፍ ጉልበት ለፈቀደለት ሰው ቶሎ የሚለመድ ነው። የቆየ ዕቃ ጥገና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሠረቱን ሌላ ቦታ ተምረው የሚመጡበት እንጂ የሚጀምሩበት አይደለም። የሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን፣ ኦፕሬተርነት ደግሞ በብዛት የሚያመርቱ ድርጅቶች ያሉበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ እንጨት በእጁ ቆርጦ የማያውቅ ኦፕሬተር ግን ሰሌዳው ሲሰባበር ችግሩ የፍጥነት ይሁን የደነዘ ስለት ለማወቅ ይቸገራል።

2. ሰውነታችሁን ከዘርፉ ጋር አስታርቁ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ ሙያ የሚያስለውጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጉልበትና ወገብ ላይ ችግር ያለበት ሰው የግንባታ አናጢነትንና የወለል ንጣፍን ይተው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ጣሪያ ላይ «ይለመዳል» እየተባለ አይገፋ፤ የሚለምዱም አሉ፣ እግራቸው የሚክዳቸውም አሉ። አስም ወይም የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ቀለም ቅብ ቤት ከመግባቱ በፊት ሐኪም ያማክር።

የእንጨት ብናኝ ተራ አቧራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ግምገማ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ብናኝ መምጠጫና በልክ የሚገጥም የብናኝ ማስክ፣ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ደረጃ ያለው፣ ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል። ይህ ማስክ ግን የቲነር ሽታ አያቆምም። ለቅብ ሥራ የኬሚካል ተን የሚይዝ ካርትሪጅ ያለው ሌላ ማስክ አለ፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚጮህ ማሽን ጋር ለሚውል ሰው የጆሮ መከላከያም የግድ ነው፤ ብዙዎቹ መጋዞችና መላጊያ ማሽኖች ከዚያ ያልፋሉ።

3. አራቱን ሙከራዎች ሥሩ

ዘርፍ በወሬ አይመረጥም። መሣሪያ ተውሳችሁም ሆነ ተከራይታችሁ አራቱንም ሥሩ። የምትወዱትን ብቻ ከሠራችሁ ሙከራው ምንም አይነግራችሁም።

*ሙከራ ሀ፤ ፍሬም ከድፍን ጣውላ።* 20 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ 45 ሚ.ሜ. ስፋት፣ 400 ሚ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 4 ቁራጮች አዘጋጁ። የእያንዳንዱን ጫፍ 45 ሚ.ሜ. ያህል በውፍረቱ አጋማሽ፣ ማለትም 10 ሚ.ሜ. ጥልቀት፣ በእጅ መጋዝና በመሮ ቀንሱና አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ በኮላ አጣብቁ። ከማጣበቃችሁ በፊት ሁለቱን ሰያፎች፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ለኩ። እያንዳንዱ ወደ 566 ሚ.ሜ. ይመጣል፤ ልዩነታቸው ከ1 ሚ.ሜ. ካለፈ ፍሬሙ ዘሟል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ፊት ለፊት ያሉት ቁራጮች ርዝመታቸው እኩል አይደለም፣ ወይም ክላምፑ (ማጣበቂያ መቆንጠጫው) አጣሞ ይዟል። ማጋጠሚያው ከላላ ደግሞ መጋዙ መስመሩ ላይ ሄዷል ማለት ነው። መጋዝ የሚሄደው ከመስመሩ ወዲያ፣ በሚጣለው በኩል ነው። ሲጨርሱ መስመሩ ግማሹ እንኳ መታየት አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ዋናው ነው፤ አንድ ፍሬም ሳይሆን አራት ሥሩ። የመጀመሪያው አዲስ ስለሆነ ማንንም ያስደስታል። አራተኛውን ስትሠሩ «ይኼኛውን ደግሞ ያለ ክፍተት አደርገዋለሁ» ካላችሁ የጣውላ ሥራ ይስማማችኋል። «መቼ ያልቃል» ካላችሁም መልሱን አግኝታችኋል።

*ሙከራ ለ፤ ባለ ሁለት በር ትንሽ ካቢኔት።* ከ18 ሚ.ሜ. ሰሌዳ ስፋቱ 600፣ ከፍታው 400፣ ጥልቀቱ 300 ሚ.ሜ. የሆነ ሣጥን ንድፉን በወረቀት አውጡ። ሁለቱ ጎኖች 400 በ300 ናቸው። ላይና ታች ግን 600 አይደሉም፤ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት 36 ሚ.ሜ. ስለሚቀነስ 564 በ300 ይሆናሉ። ይህችን 36 መርሳት በካቢኔት ቤቶች ውስጥ ሰሌዳ ከሚያባክኑ ስህተቶች የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። በሮቹ ከፊት የሚያርፉ ከሆነ ከዳርና ዳር 2፣ ከመሃል 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ተዉና የእያንዳንዱ ስፋት 296.5፣ ቁመቱ 396 ይመጣል። የመጋዙ ዲስክ ራሱ በእያንዳንዱ ቁረጥ 3 ሚ.ሜ. ያህል እንደሚበላ በአቆራረጥ ዝርዝሩ ላይ አስቡ።

የማጠፊያውን 35 ሚ.ሜ. ጉድጓድ ስትበሱ መሃሉ ከበሩ ጠርዝ 22 ሚ.ሜ. ገደማ ይራቅ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ማጠፊያው ላይ ያለው ወረቀት ይነግራችኋል። ጥልቀቱ 12 ወይም 13 ሚ.ሜ. ነው። ያለ ገደብ ማቆሚያ የሚበሳ ሰው ከ18 ሚሊ ሜትሩ ላይ በቀላሉ አልፎ ፊቱን ያበላሻል። ካቢኔቱ ሲያልቅ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ በሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይ 3 ከታች 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዓይናችሁ ላይ ይቆረቁራል? የማጠፊያውን ብሎን ሩብ ዙር እያዞራችሁ እስኪስተካከል መቆየት ያስደስታችኋል ወይስ ያናድዳችኋል? የካቢኔት ተካይ ውሎ ግማሹ ይኸው ነው።

*ሙከራ ሐ፤ መሬት ላይ ልክ ማውጣት።* ሲባጎ፣ 4 ችካል፣ ሜትርና ቱምቢ ያዙና በባዶ ቦታ ላይ 3 በ4 ሜትር አራት ማዕዘን አውጡ። ከአንድ ማዕዘን በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጋችሁ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። ከዚያ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ በአራቱ ችካሎች ላይ አንድ ከፍታ አስምሩ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይሳሳታልና ውኃው ሲሞላ አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ። ሥራውን ከሌላ ሰው ጋር ሥሩት። ፀሐይ ላይ ቆሞ እየተጯጯሁ መሥራት ጉልበት የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ፤ ሌሎችን ደግሞ በግማሽ ቀን ያደክማል። የግንባታ አናጢነት ከእንጨቱ እኩል የሰው ሥራ ነው።

*ሙከራ መ፤ ሦስት ሰሌዳ መቀባት።* 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 3 የጣውላ ቁራጮች በ120፣ በ180፣ በመጨረሻም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቃጫው አቅጣጫ እሹ። አንዱን ሆን ብላችሁ ቃጫውን አቋርጣችሁ እሹት፤ ቀለም ሲቀባ ያ ጭረት እንዴት ፈጦ እንደሚወጣ ታያላችሁ። በሌላው ላይ ጣት የነካ ኮላ አስነኩና አድርቁት፤ ኮላ ያለበት ቦታ ቀለም አይጠጣምና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛውን በንጽሕና አዘጋጁት። ሦስቱንም የእንጨት ቀለም ቀቧቸው፤ ሲደርቅ አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀብታችሁ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቁ፣ በ320 ቁጥር በስሱ አሹና ደግማችሁ ቀቡ። ከጎን መብራት ይዛችሁ አነጻጽሩ። ሳይደርቅ ደርቦ የመቀባት ፈተና ካሸነፋችሁ ይህን ሥራ ትችሉታላችሁ።

ዘይት የነካ ጨርቅ ከተጠቀማችሁ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። እንደ ተልባ ዘይት ያሉ ዘይቶች ሲደርቁ ሙቀት ስለሚያወጡ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ይቃጠላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ባለበት፣ ክዳን በሚገጥም ብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት።

አራቱንም ስትጨርሱ ማወዳደር ያለባችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁን ማማር አይደለም፤ እሱ በልምምድ ይመጣል። የትኛውን ስህተት ማንም ሳያዛችሁ አፍርሳችሁ ደገማችሁት? ብዙውን ጊዜ ዘርፋችሁ እዚያ አካባቢ ነው።

4. የመማሪያውን ቦታ ሄዳችሁ እዩ

ወደ እንጨት ሥራ መግቢያው በአራት በኩል ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ንድፍ ማንበብን፣ የማሽን ደኅንነትንና የማጋጠሚያ ዓይነቶችን በሥርዓት ያስተምራል፤ የሚጎድለው ፍጥነት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ወንበር የሚሠራበት ጊዜ ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ወንበር ይወጣበታል። ወርክሾፕ ገብቶ ከባለሙያ ሥር መማር ፍጥነቱንና የደንበኛ አያያዙን ይሰጣል፤ ግን የምታውቁት ቤቱ የሚሠራውን ብቻ ይሆናል። ፋብሪካ መደበኛ ደመወዝ አለው፤ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ቆማችሁ ዓመታት እንዳያልፉ ከጅምሩ የመዘዋወር ዕድል ጠይቁ። ከቪዲዮ መማር ለሐሳብ ጥሩ ነው፤ መላጊያ አያያዛችሁ ማጋደሉን ግን ቪዲዮ አያይላችሁም። የሚቻል ከሆነ አጭር ትምህርት ወስዶ ቀጥሎ ወርክሾፕ መግባት ከሁሉ ይሻላል፤ መጀመሪያ ወርክሾፕ ገብቶ ንድፍ ሳያነቡ የሚቀሩ ጎበዝ እጆች ብዙ ናቸው። ጀርመን አገር የቤት ዕቃም ሆነ የግንባታ አናጢ ሥልጠና 3 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን ሥልጠናው ወርክሾፕንና ትምህርት ቤትን እያፈራረቀ የሚሄድ ነው።

ወርክሾፕ ስታዩ የሚከተሉትን ተመልከቱ፦

- የጠረጴዛ መጋዙ ላይ ከዲስኩ ኋላ የምትቆመው ቀጭን መለያ ብረትና ከላይ ያለው መከላከያ አሉ ወይስ ተነቅለው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል? መለያው ከሌለ የተቆረጠው እንጨት ዲስኩን ኋላ ላይ ይጨብጥና ወደ ሠራተኛው ይወረወራል።
- ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያለው ርብራብ ገብቶለት ተደርድሯል? መሬት ላይ የተከመረ ጣውላ ያለው ቤት ስለ እርጥበት አያስተምራችሁም።
- የእርጥበት መለኪያ አላቸው? ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ጣውላው እንደ አየሩ ጠባይ ከ8 እስከ 12 በመቶ አካባቢ እርጥበት ላይ ሲደርስ ነው የሚሠራው።
- የሠራተኞቹ ጣቶች ሙሉ ናቸው? ይህን መመልከት ነውር አይደለም።
- ተማሪዎቹ ምን ላይ ናቸው? መጥረግና መሸከም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድርሻ ነው፤ በስድስተኛው ወር ግን እዚያው ያለ ሰው ካያችሁ ጠንቀቅ በሉ።

ባለቤቱን «በሦስተኛው ወር ምን ላይ እሆናለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድን ሥራ ጠቅሶ የሚመልስ ሰው ያስተምራል። «እናያለን» የሚለው ጉልበት ነው የሚፈልገው።

5. መሣሪያ ከዘርፉ በኋላ ግዙ

ለማንኛውም ዘርፍ የሚያገለግለው መጀመሪያ ይገዛ፦ ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ የብረት ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)፣ ከጠርዝ ጋር ትይዩ መስመር የሚያወጣ ማስመሪያ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ፣ 6፣ 12 እና 25 ሚ.ሜ. መሮዎች፣ አንድ መላጊያ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ድሪል፣ 4 ክላምፕና መሳያ ድንጋይ። ስኳድራውን ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ፈትኑት፤ ቀጥ ካለ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፣ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ድገሙ። ሁለቱ መስመሮች ካልተጋጠሙ ስኳድራው ውሸታም ነው።

መሳያ ድንጋዩን በትርፍነት የሚቆጥረው ሰው ይሳሳታል። አዲስ መሮ ከሱቅ ሲመጣ ለሥራ የተሳለ አይደለም። ጀርባውን ጫፉ አካባቢ ጠፍጣፋ አድርጉ፤ ፊቱን በ25 ዲግሪ አውጡ፣ ጫፏን ብቻ በ30 ዲግሪ ጨርሱ። መጀመሪያ በ1000 ቁጥር ድንጋይ፣ ቀጥሎ በ6000 ይሳላል። ፈተናው ለስላሳ እንጨት ጫፉን በአቋራጭ መላጥ ነው፤ ቃጫው ሳይፈራርስ የሚያበራ ፊት ከተወ መሮው ደርሷል። የደነዘ መሮ ጉልበት ያስጨምራል፤ ጉልበት ሲጨመር ደግሞ መሮው ያመልጣል። እጅ የሚቆርጠው የደነዘው ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁን የጠረጴዛ መጋዝ መጀመሪያ መግዛት የብዙ ጀማሪ ምኞት ነው፤ አይመከርም። ካቢኔት ከመረጣችሁ በመምሪያ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የእጅ ክብ መጋዝ ከሰሌዳው ክብደት ጋር ከመታገል ያድናችኋል፤ ለጠርዝ ልባጥ ደግሞ ማሽን ያለው ቤት መጀመሪያ ላይ በክፍያ ይለጥፍላችኋል። ጣውላ ከመረጣችሁ ጣውላውን ማሽን ያለው ቤት አስልጋችሁ ማጋጠሚያውን በእጅ ሥሩ። ቅብ ከመረጣችሁ ኮምፕረሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት አየር የሚወጣበትና ብናኝ የማይገባበት ክፍል ይኑራችሁ፤ ከዚያ ውጭ የሚገዛ ስፕሬይ አቧራ ከቫርኒሽ ጋር መለጠፊያ ነው።

6. ዋጋ ማውጣትን ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሩ

ሙያውን ችለው ከዘርፉ የሚወጡ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚያስወጣቸው ስሌት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ፊቱ 1600 በ800 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ ሲያልቅ 25 ሚ.ሜ. የሆነ ጠረጴዛ። ያለቀው ፊት 0.032 ሜትር ኩብ እንጨት ነው። ግን 25 ለማውጣት 32 ሚ.ሜ. ሻካራ ጣውላ ይላጋል፣ በርዝመትና በስፋትም 50 ሚ.ሜ. ትርፍ ይያዛል፤ 1.65 በ0.85 በ0.032 ሲባዛ 0.045 ገደማ ይመጣል። ለስንጥቅና ለአንጓ 15 በመቶ ስትጨምሩ ወደ 0.052 ይደርሳል። የምትገዙት ጣውላ ዕቃው ላይ ከሚቀረው 1.6 እጥፍ ነው ማለት ነው። ባለቀው ልክ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ጣውላ ከኪሱ ይከፍላል። ለሰሌዳ ብክነቱ አነስ ይላል፤ 10 ወይም 15 በመቶ ብላችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይመዘገባል። በየሥራው መለካት፣ መቁረጥ፣ ማገጣጠም፣ ማሸትና መቅባት፣ ማጓጓዝና መግጠም ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። ጀማሪ ማሸትንና መግጠምን ይረሳል፤ ሁለቱ ተደምረው አንዳንዴ ከመቁረጡ ይበልጣሉ። ከዚያ ኪራይ፣ መብራት፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የመጋዝ ዲስክ ለማሳል የሚወጣው ወጪና የኮላ ድርሻ ይጨመራል። በአምስት ወይም ስድስት ሥራ የራሳችሁ ቁጥር ይኖራችኋል፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤት ወርክሾፕ ዋጋ አያስደነግጣችሁም።

የክፍያውን ጠባይም ከዘርፉ ጋር አያይዙት። የቤት ዕቃ በቅድሚያ ክፍያ ይጀመርና ሲረከቡ ይዘጋል። የኩሽና ካቢኔት ግን ሌላ ሰው ላይ ይንጠለጠላል፤ ግድግዳው ካልተለሰነ፣ ወለሉ ካልተነጠፈ፣ የውኃ መስመሩ ካልወጣ አይገጠምም። ልኩን ከልስንና ከንጣፍ በፊት አትውሰዱ። የልስኑ ውፍረት ብቻ የአንድን ካቢኔት ስፋት ሊያጠፋው ይችላል።

7. ለምርጫው ቀን ቁረጡለት

በአንድ ዘርፍ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳትቆዩ አትፍረዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት በሁሉም ዘርፍ አሰልቺ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ሦስት ነገር ጠይቁ። ያለ ተቆጣጣሪ ከልኬት እስከ ርክክብ የምትሠሩት አንድ ዕቃ አለ? ስህተት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ ወይስ ደግማችሁ እስክትሠሩ አታውቁም? በአካባቢያችሁ ይህን ሥራ የሚከፍልበት ሰው በየወሩ ይመጣል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልስ ኖሯቸው ሦስተኛው ከጎደለ ሙያውን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ዘርፍ ጨምሩ፤ የጣውላ ሠሪ በርና መስኮት፣ ካቢኔት ሠሪ የሱቅና የቢሮ ዕቃ መደረብ ይችላል።

መቀየር ካስፈለገም ሁሉም ከዜሮ አይጀመርም። ከግንባታ ወደ በርና መስኮት የሚዞር ሰው ልክ ማውጣቱንና ውኃ ልክ አያያዙን ይዞ ይሄዳል፤ አዲስ የሚማረው ስለቱንና ማጋጠሚያውን ነው። ከጣውላ ወደ ካቢኔት የሚሄድ ትክክለኛነቱን ይዞ ይገባል፤ የሚቸገረው በእጅ ማስተካከልን ትቶ በወረቀት ላይ ጨርሶ መቁረጥን ሲለምድ ነው። ከካቢኔት ወደ ጣውላ መምጣት ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰሌዳ የለመደ እጅ የእንጨትን መንቀሳቀስ እስኪያምን ድረስ ጥቂት ጠረጴዛ ሳይሰነጠቅበት አይቀርም። ስለዚህ እስካሁን አንዱን ካልያዛችሁና ሁለቱም እኩል የሚስቧችሁ ከሆነ በጣውላው ጀምሩ።